ከአምፖሉ ይልቅ ቦታው፦ በእርማት ጠረጴዛ ላይ ስለ መብራትና ስለ ዓይን ድካም የተማርኩት

ሥራዬ እርማት ነው። መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ረቂቁን ፊደል በፊደል አነባለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው ፊደላችን ዓይንን ያደክማል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ጭረት ከቀኝ እግሩ ወገብ ላይ መውጣቷ ወይም ከግርጌው መውጣቷ ነው፤ «ቤ» ላይ ደግሞ ያችው ጭረት ትጠቀለላለች። ገጹ በ9 ነጥብ ፊደል ከተዘጋጀ ጭረቲቱ ከአንድ ሚሊሜትር ታንሳለች። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሲለይ የዋለ ዓይን ማታ ላይ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ እንባ ያቀርራል፣ ከቅንድብ በላይ ይከብዳል፤ ቀና ብለው ራቅ ያለ ነገር ሲያዩ ለጥቂት ሰከንዶች ይደበዝዛል።

ይህን ድካም በእጅጉ ያቀለለልኝ የጠረጴዛዬ መብራት አቀማመጥ ነው። ለፈተና የሚያነብ ተማሪ፣ የዓመት ሒሳብ የሚዘጋ፣ ጥልፍ የሚጠልፍ፣ ሰዓት ወይም ስልክ የሚጠግን ሰው ሁሉ ሊጠቀምበት ስለሚችል ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ዓይኔን ደከመኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «አምፖሉን በትልቅ ቀይረው» የሚል ነው። በእኔ ልምድ የአምፖሉ ጉልበት የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚመጣ ነው፤ ከዚያ ከወረቀቱ ምን ያህል እንደሚርቅ።

ርቀቱን በቁጥር ልንገራችሁ። በብዙዎቻችን ቤት ክፍሉን የሚያበራው ከጣሪያው መሃል የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን ባለ 60 ሻማ አምፖል ያህል፣ ማለትም ወደ 800 ሉመን (አምፖሉ በጠቅላላ የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ) ገደማ ያበራል። አምፖሉ ከጠረጴዛው በላይ ሁለት ሜትር ላይ ተሰቅሎ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ሲበትን፣ በቀጥታ ወርዶ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው 16 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ያህል ብቻ ነው። ከግድግዳና ከጣሪያ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሲጨመርበት እንኳ ብዙ ጊዜ መቶ ሉክስ አይሞላም። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ፣ ኢኤን 12464-1 የሚባለው፣ ለማንበብና ለመጻፍ 500 ሉክስ፣ ለቴክኒክ ንድፍ ደግሞ 750 ሉክስ ይጠይቃል። ያንኑ አምፖል አውርዳችሁ ከወረቀቱ 40 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ብታደርጉት ራቁቱን እንኳ 400 ሉክስ ያህል ይሰጣል። ውስጡ ነጭ የሆነ ክዳን ካለው ወደ ላይ ይባክን የነበረውን ብርሃን ስለሚመልሰው ከ500 ያልፋል። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያላችሁን መብራት አቅርቡት።

አቅጣጫውን ያስተማሩኝ እርማት ስጀምር አለቃዬ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አዲስ አራሚ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመው መብራቱን በግራው በኩል ያስቀምጡለት ነበር። «ልጄ፣ መብራቱ በቀኝሽ ከሆነ የምታርሚው የእጅሽን ጥላ ነው» አሉኝ። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው መብራቱ በቀኙ ከሆነ የእጁና የብዕሩ ጥላ የሚያርፈው ልክ በሚጽፍበት ቦታ ላይ ነው። በግራው ሲሆን ጥላው ከጽሑፉ ወጥቶ ወደ ቀኝ ይወድቃል። በግራ እጁ ለሚጽፍ ሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቤታችሁ ግራኝ ልጅ ካለ የጥናት መብራቱን በቀኙ አድርጉለት።

ጥላ የሚያደክመን ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ አንድ የዓይን ባለሙያ ነው። ብርሃን ሲያንስ ወይም ጥላ ሲያርፍበት ሰው ሳያውቀው ጎንበስ ብሎ ወደ ወረቀቱ ይቀርባል። ዓይናችን በቅርብ ለማየት ውስጡ ባለው ሌንስ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ማኮማተር አለበት። ወረቀቱ 40 ሳንቲሜትር ላይ ሲሆን ከጡንቻው የሚጠበቀው ሥራ 2.5 ዳይኦፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ጎንበስ ብለን 25 ሳንቲሜትር ላይ ስንደርስ 4 ዳይኦፕተር ይሆናል። ሁለቱ ዓይኖችም ወደ አፍንጫ ይበልጥ መሰብሰብ አለባቸው። ይህ ለሰዓታት ሲቀጥል ዓይን ብቻ ሳይሆን ማጅራትና ትከሻም ይታመማል። ማጅራቴን የሚያመኝ የወንበሩ ነገር ነው የምትሉ ሰዎች፣ መብራታችሁንም እዩት።

አሁን የእኔ መብራት የቆመው በግራ በኩል፣ ከደብተሩ የላይኛው ጠርዝ ጎን ነው፤ አንገቱ እንደልብ የሚታጠፍ ነው። ፊት ለፊቴ አላደርገውም። ብርሃን ወረቀት ላይ ሲያርፍ በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይነጥራል፤ መብራቱ ፊት ለፊት ከሆነ የሚነጥረው ቀጥታ ወደ ዓይን ነው። በተለይ በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ ይህ ጥቁሩን ቀለም ግራጫ ያስመስለዋል። አንባቢው ብርሃኑ የበዛ ይመስለዋል፤ ፊደሉ ግን ደብዝዟል። የመብራቱን ክዳን ደግሞ ቀና ብዬ ስቀመጥ አምፖሉ በቀጥታ እንዳይታየኝ ዝቅ አድርጌዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያለ ምንም መሣሪያ መፈተሽ ይቻላል። ትንሽ የእጅ ቦርሳ መስታወት ውሰዱና በምታነቡት ገጽ ላይ ጋደም አድርጉት፤ ራሳችሁ በተለመደው አቀማመጥ ላይ ይሁን። መስታወቱ ውስጥ አምፖል ወይም መስኮት ከታያችሁ ያ ነጸብራቅ ዓይናችሁ ውስጥ እየገባ ነው። መስታወቱን በገጹ ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረጋችሁ፣ የትም ቦታ አምፖል እስከማይታያችሁ ድረስ መብራቱን አንቀሳቅሱት። ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይቀላል። እያነበባችሁ መዳፋችሁን እንደ ባርኔጣ ጥላ ግንባራችሁ ላይ አድርጉት። ዓይናችሁ ወዲያው እፎይ ካለ ከላይ ወይም ከፊት የሚወጋችሁ መብራት አለ ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ስለሚነጠፈው መስታወት አንድ ነገር ልበል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛው መስታወት ይደረብበታል፤ ከሥሩ የቀን መቁጠሪያና የስልክ ዝርዝር ይቀመጥበታል። መስታወቱ የጣሪያውን መብራት ሁሉ ወደ ላይ ይመልሳል፤ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ፊቱ ላይ ሁለተኛ ረድፍ መብራት በርቶበት ይውላል። መስታወቱን አንሡ ማለት አይቻል ይሆናል። በሚያነቡበት ቦታ ላይ ትልቅ፣ የማያብረቀርቅ ወረቀት ወይም ጨርቅ መዘርጋት ግን ማንም አይከለክልም። እኔ ቡናማ የማሸጊያ ወረቀት እጠቀማለሁ። የሚያብለጨልጭ ላስቲክ የለበሰ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ለሚያጠኑ ልጆችም መፍትሔው ይኸው ነው።

የክፍሉን መብራት አጥፍቶ በጠረጴዛ መብራት ብቻ ማንበብ የሚወዱ ብዙ ናቸው፤ ሐሳብ ይሰበስባል ይላሉ። ሐሳብ መሰብሰቡ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ግን ይደክምበታል። ገጹ ደምቆ ዙሪያው ጨለማ ሲሆን፣ ቀና ባልን ቁጥር የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፣ ወደ ገጹ ስንመለስ ይጠብባል። የመብራት ባለሙያዎች 10 ለ3 ለ1 የሚሉት ልማድ አለ። ወረቀቱ 10 ቢደምቅ የጠረጴዛው ገጽ ወደ 3፣ ራቅ ያለው ክፍል ቢያንስ ወደ 1 ይሁን ነው ነገሩ። በቤቴ የጣሪያው መብራት ሁልጊዜ በርቶ ይቆያል፤ እሱ ለክፍሉ፣ የጠረጴዛው ለወረቀቱ። ጠረጴዛችሁ ጥቁር ከሆነ ፈካ ያለ ነገር አንጥፉበት፤ ከፊት ለፊት ያለው ግድግዳም ፈካ ቢል ይመረጣል።

ወደ መርገብገብ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ነገር ይህ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ይህ ማለት ጅረቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በደንብ ያልተሠራ መብራት ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን እንደ መርገብገብ አያየውም፤ ነርቮቻችን ግን ይሰማቸዋል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ክሩ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ መርገብገቡ ትንሽ ነበር። ከባድ ባላስት (ወደ መብራቱ የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር ዕቃ) የነበረው የድሮው ረጅም ፍሎረሰንት ግን በግልጽ ይርገበገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 አርኖልድ ዊልኪንስና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ ቢሮ ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ ፍሎረሰንቶቹ በሰከንድ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ፍጥነት በሚሠራ ባላስት ሲቀየሩ የሠራተኞቹ የራስ ምታትና የዓይን ድካም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ሠራተኞቹ የትኛው መብራት እንደበራላቸው አያውቁም ነበር።

ኤልኢዲ ሲመጣ ችግሩ አልጠፋም። ጥሩው ኤልኢዲ ውስጡ ኃይሉን የሚያለሰልስ ክፍል አለው፤ ርካሹ ያንን ይቆጥብበታል፤ ስለዚህ ከድሮው ፍሎረሰንት የባሰ የሚርገበገብም ይገኛል። ማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። እኔ ሱቅ ስገባ ሻጩ አምፖሉን እንዲያበራልኝ እጠይቅና የስልኬን ካሜራ ከፍቼ ወደ አምፖሉ አቀርባለሁ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ሲሻገሩ ከታዩ አልገዛውም። ስልክ በእጅ ከሌለ እርሳስ ይበቃል። ከመብራቱ ሥር በፍጥነት ግራ ቀኝ ስታወዛውዙት አንድ የደበዘዘ ጥላ ብቻ ከታያችሁ ደኅና ነው፤ ብዙ ነጠላ ነጠላ እርሳሶች ከታዩ አምፖሉ ይርገበገባል። መርካቶ ያሉ ነጋዴዎች መጀመሪያ ይገረሙ ነበር። አሁን አንደኛው ደንበኛዬ ራሱ ካሜራውን አውጥቶ «እትዬ፣ ይቺኛዋ ንጹሕ ናት» ይለኛል።

ብርሃኑ በቁልፍ የሚጨመርና የሚቀነስ መብራት ከሆነ ሙሉ በሙሉ ደምቆም፣ ተቀንሶም ፈትሹት። ብዙዎቹ ብርሃኑን የሚቀንሱት በፍጥነት እያበሩ እያጠፉ ስለሆነ፣ ሲደምቁ ንጹሕ የነበሩት ሲደበዝዙ ይርገበገባሉ። እንዲህ ያለው መብራት ካለን ሙሉ አብርቶ ትንሽ ማራቅ ይሻላል።

ስለ ቀለሙ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ነጩ ይሻላል ወይስ ቢጫው? ለዓይን ድካም ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ማሸጊያው ላይ 2700 ኬልቪን የሚለው ቢጫማው ነው፤ 4000 መካከለኛ ነጭ፣ 6500 ደግሞ ሰማያዊ ቢጤ ነጭ ነው። እኔ 4000ውን የመረጥኩት በሥራዬ ምክንያት ነው። የማርመው በቀይ ብዕር ነው፤ ቢጫማ ብርሃን ቀይ ስለሚበዛበት ቀዩ ቀለም ከነጩ ወረቀት ጋር ይቀራረብና ምልክቶቼ ይሳሳሉ። የቅዱሳን ስም በቀይ የታተመበት የጸሎት መጽሐፍ ማታ ላይ የሚያነቡ ሰዎችም ይህን ያውቁታል፤ ጥቁሩ እየታየ ቀዩ ይጠፋቸዋል። ከመተኛት በፊት ባሉት ሰዓታት ግን ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን እንቅልፍን ስለሚያዘገይ ወደ ቢጫማው መዞር ይመከራል፤ በዚያ ሰዓት ማረም ስለማቆም ለእኔ አይጣላም።

ቀን ቀን ከመስኮት የሚመጣውን ብርሃን የሚተካ አምፖል የለም። ደጅ ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ወደ 10,000 ሉክስ ይደርሳል፤ በጠራራ ፀሐይ 100,000 ይሞላል። ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ ሲጽፉ ደጅ ወጥተው ወይም በር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ግን መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ ፀሐይ በቀትር የምትታየው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሪው ዓመት በደቡብ በኩል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት በበጋው ወራት ሙሉ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል፣ ፀሐይ ግን አያስገባም። በክረምት ፀሐይዋ ወደዚያ ብታዘነብልም ደመናው ያለዝባታል። ጠረጴዛ የማስቀመጥ ምርጫ ካላችሁ ሰሜኑን ያዙ። ምሥራቅና ምዕራብ የሚያዩ መስኮቶች ጧትና ማታ ዝቅ ያለችውን ፀሐይ በቀጥታ ዓይን ላይ ያመጣሉ፤ ስስ ነጭ መጋረጃ ያስፈልጋቸዋል። በየትኛውም ቢሆን መስኮቱ ፊት ለፊት ወይም ከጀርባ ሳይሆን በጎን ይሁን።

ኮምፒውተር ላይ ለሚሠሩም ይኸው ነው፤ መስኮቱ ከጀርባ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ ፊት ለፊት ከሆነ ዓይን ይወጋል። የጠረጴዛው መብራት ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ክዳኑን አዙሩት። የስክሪኑን ድምቀት ለማስተካከል ነጭ ወረቀት ከጎኑ ያዙና ሁለቱ እስኪመሳሰሉ ድረስ ቀንሱ ወይም ጨምሩ። ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠውን መነጽር በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት ግምገማ በስክሪን የሚመጣውን የዓይን ድካም በመቀነስ ከተራው መነጽር የተለየ የአጭር ጊዜ ጥቅም የማያስገኝ ሳይሆን እንደማይቀር ደምድሟል። ያንን ገንዘብ ጥሩ የጠረጴዛ መብራት ላይ ብታውሉት እመርጣለሁ።

መብራት የማይፈታው አንድ ነገር ዓይን መክፈትና መክደን ነው። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ሲያነብና ስክሪን ሲያይ ግን ይህ በጣም ይቀንስና ዓይን ይደርቃል። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ዓይኔን ሙሉ በሙሉ ከድኜ መክፈት ልማዴ ነው። በየ20 ደቂቃው ደግሞ ስድስት ሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ያ የተኮማተረ ጡንቻ እንዲላላ ያደርጋል።

ዕድሜ ሲጨምር ሁሉም ነገር ይከብዳል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመቱ ወጣት ከሚያገኘው ሲሦ ያህል ነው፤ ብሌኑ ይጠብባል፣ ሌንሱም ይጨልማል። እማዬ ጸሎቷን በምታደርስበት ወንበር አጠገብ እኔ የምጠቀምበትን ዓይነት መብራት ሳስቀምጥላት መጀመሪያ «ወጋኝ» ብላ መለሰችው። ልክ ናት። ያረጀ ሌንስ ብርሃኑን ውስጡ ይበትነዋል፤ ስለዚህ አረጋውያን ብርሃን ይብዛልን ይላሉ፣ ነጸብራቅ ግን ከወጣት ይበልጥ ያስቸግራቸዋል። መብራቱን ከትከሻዋ ኋላ በግራ በኩል አድርጌ ገጹ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ሳዞርላት ያለ ችግር ታነብ ጀመር። ለወላጆቻችሁ መብራት ስትገዙ ጉልበቱን ጨምሩ፣ አምፖሉን ግን ከዓይናቸው ደብቁ።

ጎረቤቴ የሐበሻ ልብስ ጥልፍ ትጠልፋለች። የእኔን አቀማመጥ እንዳለ ወስዳ ሞከረችና ነጭ በነጭ ጥልፍ ላይ አልሠራላትም። ነገሩን አብረን ስናየው ምክንያቱ ተገለጠልን። በወረቀት ላይ ፊደሉን የምናየው በቀለሙ ልዩነት ነው፤ በነጭ ሸማ ላይ ያለ ነጭ ክር ግን የቀለም ልዩነት የለውም፣ የሚታየው በትንሽ ጥላው ብቻ ነው። ከላይ የሚያርፍ ብርሃን ያንን ጥላ ያጠፋዋል። መብራቱን ዝቅ አድርጋ ከጎን፣ ጨርቁን እየዳበሰ እንዲያልፍ ስታደርገው እያንዳንዱ ስፌት ጎልቶ ወጣ። ጥቁር ልብስ ላይ በጥቁር ክር ስትሰፋ ደግሞ ጨርቁ ብርሃኑን ስለሚውጠው መብራቱን ከወትሮው በጣም ታቀርበዋለች፤ ከሥሩም ነጭ ጨርቅ ታነጥፋለች። ስለዚህ የእጅ ሥራ ያላችሁ ሰዎች ለማንበብ የሚመከረውን እንዳለ አትውሰዱ፤ የምትለዩት ነገር በቀለም ነው ወይስ በጥላ የሚታየው ብላችሁ ጀምሩ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? አንድ ሻማ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት የሚሰጠው 11 ሉክስ ያህል ነው፤ ነበልባሉም ይወዛወዛል። በሻማ ጋዜጣ ማገላበጥ ይቻላል፣ እርማት ወይም ስፌት ግን አይቻልም። ቻርጅ የሚደረግ ባለ ኤልኢዲ መብራት ሥራውን ይችላል። ከባትሪ የሚሠራ ስለሆነ የ100 ኸርዙ መርገብገብ የለበትም፤ ድምቀቱን ሲቀንሱት የሚርገበገብ ግን አለና በካሜራ ፈትሹት። የዚህ መብራት ችግር አብዛኛውን ጊዜ ክዳን የሌለው መሆኑ ነው፤ ኤልኢዲዎቹ ፊት ለፊት ያፈጣሉ። ከግድግዳ ጋር ወይም ከነጭ ወረቀት ጋር አጋጥሞ ብርሃኑን ማንጠር፣ ወይም ከዓይን ከፍታ በታች ማስቀመጥ ይሻላል።

ወላጆች በዚህ ጉዳይ የሚፈሩት ሌላ ነገር አለ። «በደብዛዛ መብራት አታንብብ፣ ዓይንህ ይጠፋል» ሲባል ያላደገ ልጅ የለም። ደብዛዛ ብርሃን ዓይንን ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል፤ ዕረፍት ሲደረግ ግን ያልፋል፣ ዓይንን ለዘለቄታው እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ለልጆች ዓይን የሚጠቅም የተረጋገጠ ነገር ከተፈለገ ቀን ደጅ መዋል ነው፤ በታይዋንና በቻይና በትምህርት ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን የሚቆዩ ልጆች ላይ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያለማየት ችግር መጀመር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ልጁ ማታ ማታ የሚያጠናበትን መብራት አስተካክሉለት፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ሳይጨልም ደጅ ይጫወት።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁ ድካሙ ካልቀነሰ ነገሩ የመብራት አይደለም። በተለይ ድንገት የመጣ ብዥታ፣ በመብራት ዙሪያ ባለ ቀለም ክብ መታየት፣ የዓይን ሕመም፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ካለ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ይቀድማል፤ በአዲስ አበባ ለምሳሌ ሚኒሊክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ያ የቅርብ ማያ ጡንቻና ሌንስ አልታዘዝ ማለቱ የተፈጥሮ ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ያስፈልጋል። መንገድ ላይ በደፈናው የሚሸጠው መነጽር ለሁለቱም ዓይን አንድ ቁጥር ነው፤ ሁለቱ ዓይኖቻችሁ ከተለያዩ ድካሙን ያባብሰዋል።

ለምርመራ ስትሄዱ አንድ ነገር አዘጋጁ። በምትሠሩበት ወንበር፣ በምትሠሩበት መብራት፣ በተለመደው አቀማመጣችሁ ተቀመጡና ከዓይናችሁ እስከ ወረቀቱ ወይም እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ሌላ ሰው በሜትር ይለካላችሁ። የማንበቢያ መነጽር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በ40 ሳንቲሜትር ግምት ነው፤ ስክሪን የሚያይ ሰው 60 ሳንቲሜትር ላይ ሊሆን ይችላል፣ ጥልፍ የሚጠልፍ 30 ላይ። እኔ ርቀቴን በሳንቲሜትር ጽፌ ስሰጠው ባለሙያው ወረቀቱን ከመነጽር ትእዛዙ ጋር አያይዞ ቁጥሩን በዚያ ልክ አስተካከለልኝ።